ጎታ ያለው ፍሪደንሽታይን ምሽግ ነበር፣ ቤተ መንግሥት ነበር ወይስ ሙዚየም?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጀርመን አገር ቱሪንገን ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጠያቂ ጎታ ከተማ የሚገኘውን የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ጎብኝተዋል። አስጎብኚዋ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እዚህ በእንግድነት ተቀምጠው እንደ ነበር ነግራቸው ደስ ብሏቸዋል። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ትያትር ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመሳፍንት አዳራሽና ከምድር በታች የምሽግ መተላለፊያ በማየታቸው ግራ ተጋብተዋል። «ሕንጻው በመጀመሪያ ምን ነበር? ከምን ወደ ምን ተለወጠ? አባ ጎርጎርዮስ የገቡበት ቤትስ ዛሬ የቆመው ራሱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

አጭር መልስ ያለው የመጨረሻው ስለሆነ ከእሱ ልነሣ። አዎ፣ ግድግዳው ያው ነው። ይሁን እንጂ አባ ጎርጎርዮስ ያዩት እርስዎ ያዩትን አይደለም። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1643 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሥራው እስከ 1650ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቀጥሏል። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስ፣ እኒያ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ የደረሱት ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ ደግሞ ድንጋይ የሚጠረብበትና እንጨት የሚላግበት ግቢ ነበር። በዚያው ዘመን ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ የራሳቸውን ግንብ አስገንብተዋል። ሁለቱ ሕንጻዎች የእድሜ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቤተ መንግሥቱን በዓይነ ኅሊናዬ ስስል ይህ እኩያነት ሁልጊዜ ይረዳኛል።

ግራ መጋባቱ በከፊል ከቋንቋ የመጣ ነው። እኛ «ግንብ» ስንል ምሽጉንም፣ የንጉሡን መኖሪያም፣ አንዳንዴም ተራውን የድንጋይ አጥር በአንድ ቃል እንጠራለን። ጀርመኖች ግን ሁለት ቃል አላቸው። «ቡርግ» የሚሉት ጠላት የሚመከትበትን የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ነው። «ሽሎስ» የሚሉት ደግሞ መስፍን የሚኖርበትን፣ የሚያስተዳድርበትንና ክብሩን የሚያሳይበትን ቤት ነው። ፍሪደንሽታይን ሽሎስ ነው። ከእሱ በፊት በዚያው ኮረብታ ላይ የቆመው ግን ምሽግ ነበር፤ ሁለቱን ካልለየን ታሪኩ ይቀላቀልብናል።

የቀደመው ግሪመንሽታይን ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ቁጣ አለበት፣ በአማርኛ «የቁጡው ድንጋይ» እንደማለት ነው። የሳክሶኒ መሳፍንት የሆነው የቬቲን ቤት አንዱ ቅርንጫፍ ይዞት ሳለ ሁለት ጊዜ አፈር ልሷል። መጀመሪያ በ1547 የፕሮቴስታንት መሳፍንት በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ድል ሲሆኑ እንዲፈርስ ታዘዘ፤ ቆይቶ ተመልሶ ተሠራ። ሁለተኛው የባሰ ነው። መስፍኑ ዮሐን ፍሪድሪኽ ሁለተኛ፣ ቪልሄልም ፎን ግሩምባኽ የሚባል ከንጉሠ ነገሥቱ ሕግ ውጭ የተደረገ ባላባት አስጠግቶ አልሰጥም አለ። የሳክሶኒው መራጭ መስፍን (ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት መሳፍንት አንዱ) አውጉስት ከተማውን ከበበ፤ ጎታ በሚያዝያ 1567 እጇን ሰጠች። ግሩምባኽ በከተማው ገበያ አደባባይ አራት ቦታ ተቆረጠ፤ አስጠጊው መስፍን ቀሪ ዕድሜውን በግዞት ጨረሰ፤ ግሪመንሽታይንም እንዳልነበረ ሆነ። ኮረብታው ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ ባዶውን ኖረ።

በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የመጣው ኤርንስት ነው፤ ሕዝቡ በኋላ «ጻድቁ» የሚል ቅጽል የሰጠው። በ1640 ወንድማማቾች ግዛት ሲካፈሉ ጎታ ደረሰው። የደረሰው ግዛት በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት (1618–1648) የተራቆተ፣ በረሃብና በወረርሽኝ ሕዝቡ የሳሳ ነበር። ለራሱ የሚሆን ቤት እንኳ ስላልነበረው ለጥቂት ዓመታት በከተማው የንግድ ቤት፣ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ በሆነው ሕንጻ፣ ተቀመጠ። ጦርነቱ ሳያበቃ፣ የጠላትም የወዳጅም ጦር በአካባቢው እየተመላለሰ ሳለ፣ ይህን የሚያህል ቤት መጀመሩ እብደት ሊመስል ይችላል። ስሙንም ሆን ብሎ ገለበጠው። ግሪመንሽታይን በፈረሰበት ላይ «ፍሪደንሽታይን»፣ ማለትም «የሰላም ድንጋይ»፣ ብሎ ጠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ጥያቄዎ «ከምን ወደ ምን ተለወጠ» የሚል ነው። ብዙ ሰው የአንድ ቤተ መንግሥት ታሪክ እንደ ባቡር ጣቢያ በተራ የሚደረደር ይመስለዋል፤ መጀመሪያ ምሽግ፣ ቀጥሎ መኖሪያ፣ ቀጥሎ ትያትር፣ በመጨረሻ ሙዚየም። ሌሎች የጀርመን ግንቦች በእርግጥ እንዲህ ናቸው። ፍሪደንሽታይን ግን ገና ከመሠረቱ ብዙ ነገር ሆኖ ነው የተወለደው። ኤርንስት የፈለገው ቤት ብቻ አልነበረም፤ የግዛቱን ሁሉንም ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከዓይኑ ሳይርቅ ማድረግ ነው። መቶ ሜትር በመቶ አርባ ሜትር የሚሆን ሦስት ክንፍ ያለው ሕንጻ አሠራ። ቤተ ክርስቲያኑ በሰሜኑ ክንፍ ውስጥ ገባ፤ በ1646 ተባርኮ አገልግሎት ጀመረ። ቤተ መጻሕፍቱ በ1647 ተቋቋመ፤ ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት መካከል በጦርነቱ የተማረኩ ይገኙባቸዋል፤ ጻድቅ የተባለ መስፍንም ምርኮ አይመልስም ነበር። ጽሕፈት ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ፣ የቤተ ክህነት ጉባኤው፣ ሳንቲም የሚመታበት ክፍል፣ የጦር መሣሪያ ማከማቻው፣ መዝገብ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ የፈረሶች ጋጣው ሁሉ በዚያው ግቢ ተሰገሰጉ። ብርቅ ዕቃዎች የሚሰበሰቡበት ክፍልም ነበረ፤ የሩቅ አገር ቀንድና ዛጎል፣ የዝሆን ጥርስ ሥራ፣ ሰዓት፣ መነጽር፣ ሥዕል ተደባልቆ የሚቀመጥበት። ዛሬ ሙዚየም የምንለው ነገር በዚያች ክፍል ነው የተጀመረው።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው ትክክለኛ መልስ፣ ሕንጻው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ አልተሸጋገረም የሚል ነው። መጀመሪያውኑ አብረው ከገቡት ሥራዎች መካከል አንዳንዱ ወጣ፣ አንዳንዱ ጓዳ የነበረው ሳሎን ሆነ፤ ከሁሉ በላይ የተለወጠው ግን በሩን አልፎ የሚገባው ሰው ነው።

በዚያ በር ካለፉት የመጀመሪያዎቹ የሩቅ እንግዶች አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ከኢየሱሳውያኑ፣ ማለት ከካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ ጋር ከአገር ወጥተው ሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ማረፊያ ሳሉ፣ በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት የኤርፉርት ሰው አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን በመጽሐፍ ብቻ ለመማር ሲታገል የኖረ ነው፤ አፉን ፈትቶ የሚያናግረው ሰው ያገኘው ያኔ ነው። በኋላ ሉዶልፍ ወደ ጎታ መስፍን አገልግሎት ሲገባ ኤርንስት እኒህን ሰው አስጠራቸው፤ በ1652 በጋ መጡ። መስፍኑ የፈለገው ለማየት ያህል አልነበረም። ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ስለ መንግሥቱ ሥርዓት፣ ስለ አገሩ ተራራና ወንዝ፣ ስለ እንስሳቱ ጥያቄ አዘጋጅቶ ያስጠይቅ ነበር፤ መልሳቸው በጽሑፍ ይያዝ ነበር። ከሮም ሥልጣን ውጭ ያለች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን መኖሯ የሉተርን ተከታይ መስፍን እጅግ ይስበው ነበር።

ከእነዚያ ወራት የወጣውን ያውቁታል። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። አማርኛችን በመዝገበ ቃላት መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማተሚያ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ምንጩም በአብዛኛው የአንድ ሰው አፍ ነበር። የአባ ጎርጎርዮስ ምስል በሉዶልፍ መጽሐፍ ውስጥ በመዳብ ተቀርጾ ይገኛል፤ ለሉዶልፍ በግዕዝ የጻፏቸው ደብዳቤዎችም ተርፈዋል። እሳቸው ግን አገራቸውን አላዩም። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ በ1658 እስክንድሩና ወደብ አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ኤርንስት በ1663 ቫንስሌበን የሚባል ሌላ ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ እሱ ግብፅ ላይ ቀረ፣ አልፎ ተርፎም ካቶሊክ ሆኖ አረፈው። የጎታ ሰዎች በዚህ ምን ያህል እንደተቆጡ መገመት ነው።

አስጎብኚዋ «አባ ጎርጎርዮስ ያደሩበት ይህ ክፍል ነው» ብላ አንድ ክፍል አሳይታዎት ከሆነ ግን በጥንቃቄ ይቀበሉት። የክፍሎቹ ውስጠኛ ገጽታ በኋላ የነገሡት መስፍኖች እንደየዘመናቸው ያደሱት ነው፤ በጣሪያ ላይ የሚያዩት የተንዠረገገ የኖራ ጌጥ ከእንግዳችን ጊዜ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ደግሞ ከምድር በታች ያዩት መተላለፊያ። «የሰላም ድንጋይ» የተባለው ቤት ገና በወጉ ሳያልቅ በ1655 ዙሪያውን ይመሸግ ጀመር። የአፈር ግድግዳ፣ የድንጋይ ማዕዘኖች፣ በውስጣቸውም ወታደር የሚመላለስባቸውና ጠላት ከሥር ሲቆፍር የሚያዳምጡባቸው ጠባብ ዋሻዎች ተሠሩ። የአውሮፓ መሳፍንት ያኔ ኦቶማኖችን ይፈሩ ነበር። ኦቶማኖች ጎታ አልደረሱም፤ ምሽጉ በወጉ ሳይፈተን አረጀ። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድግዳው ተንዶ በቦታው መናፈሻ ተተከለ። ዋሻዎቹ ግን ለማፍረስም ስለሚያስቸግሩ እዚያው ቀሩ፤ ዛሬ ጎብኚ ራሱን ጎንበስ አድርጎ ይገባባቸዋል። የሕንጻ ታሪክ ሲታይ ብዙ ነገር የሚተርፈው ስለተወደደ ሳይሆን ለማፍረስ ወጪ ስለሚጠይቅ ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ትያትር ቤቱ ነው፤ በግሌ ከግቢው ሁሉ የምወደውም እሱን ነው። በምዕራቡ ማማ ውስጥ በመጀመሪያ የነበረው የኳስ አዳራሽ ነበር፤ የመሳፍንቱ ልጆችና አሽከሮቻቸው በራኬት ኳስ የሚመታቱበት። የኤርንስት ልጅ ፍሪድሪኽ በ1681 አዳራሹን ወደ ትያትር ማስለወጥ ጀመረ፤ በ1683 የመጀመሪያው ትርዒት ታየ። መድረኩ ሥር ወርደው ቢያዩ መርከብ ውስጥ የገቡ ይመስልዎታል፤ የእንጨት መዘውር፣ ገመድ፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ሠረገላ። በመድረኩ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሥዕል የተሳለባቸው ክንፎች እያንዳንዳቸው ከእነዚህ ሠረገላዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ከሥር ያሉት ሠራተኞች መዘውሩን ሲያዞሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጫካ የነበረው በተመልካቹ ዓይን ፊት፣ መጋረጃ ሳይዘጋ፣ በጥቂት ሴኮንድ የንጉሥ አዳራሽ ይሆናል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ሞተር የለ። በአውሮፓ በተፈጠረበት ቦታ ላይ እንዳለ ቆይቶ እስከ ዛሬ የሚሠራ የባሮክ ዘመን የመድረክ ማሽን በጣት የሚቆጠር ነው፤ አንዱ ይህ ነው።

በ1774 የቫይማር ቤተ መንግሥት ሲቃጠል እዚያ ይጫወት የነበረው የአቤል ዛይለር የትያትር ቡድን ሥራ ፈትቶ ወደ ጎታ መጣ። ከቡድኑ ጋር የዘመኑ ታላቅ ተዋናይ ኮንራድ ኤክሆፍ አብሮ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት መስፍኑ ቋሚ የቤተ መንግሥት ትያትር አቋቋመ፤ ተዋንያኑ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ሲያረጁ ጡረታ የሚታሰብላቸው ተቀጣሪዎች ሆኑ። እስከዚያ ድረስ ተዋናይ ማለት ከከተማ ከተማ የሚንከራተት፣ ቤተ ክርስቲያን በጥርጣሬ የምታየው ሰው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም። ኤክሆፍ በ1778 ሞተ፤ ትያትሩ በ1779 ተዘጋ። በ1840 ከተማው ውስጥ አዲስ ትልቅ ትያትር ሲከፈት አሮጌውን ማንም አላስታወሰውም። ስላልታወሰ አልታደሰም፤ ስላልታደሰ የመዘውሩን እንጨት አውጥቶ በብረት የተካ ሰው አልነበረም። አዲሱ ትያትር በ1945 በጦርነቱ ተቃጠለ፤ አሮጌው ዛሬም በየበጋው ትርዒት ያሳያል። የዛሬ ስሙንም ከዚያ ተዋናይ ወስዷል።

በመካከሉ ያለውን የመሳፍንት ዘመን ቶሎ ልለፈው። መስፍንት ሉዊዘ ዶሮቴያ ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ቮልቴርን በ1753 በቤቷ አስተናግዳለች። አንድ ታሪክ ግን ሳልናገር አላልፍም። በመስከረም 1757፣ በሰባት ዓመቱ ጦርነት፣ የፈረንሳይና የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አለቆች ጎታን ይዘው በቤተ መንግሥቱ ምሳ እየተዘጋጀላቸው ሳለ የፕሩሲያው የፈረሰኛ አዛዥ ዛይድሊትስ እጅግ ባነሰ ጦር ድንገት ደረሰ። እነሱ ዋናው ጦር የመጣ መስሏቸው ወጡ፤ የተዘጋጀውን ምሳ ፕሩሲያውያኑ በሉት ይባላል። ቤተ መንግሥቱ ጦርነት ካየባቸው ቀናት ይህ ሳይሻል አይቀርም።

ስብስቡም በዚህ ዘመን ነው ያበጠው። የጎታው መስፍን ፍሪድሪኽ ሁለተኛ በ1712 የአርንሽታትን መስፍን የሳንቲም ስብስብ በ100,000 ታለር (የዘመኑ የጀርመን የብር ገንዘብ) ገዛ፤ ለትንሽ ግዛት የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጀርመናዊው ተጓዥ ኡልሪኽ ያስፐር ዜትሰን በጎታ መስፍን ገንዘብ ከደማስቆ፣ ከአሌፖና ከካይሮ የዐረብኛና የሌሎች የምሥራቅ ቋንቋዎች የእጅ ጽሑፎችን እየገዛ ይልክ ነበር፤ እሱም እንደ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፣ በ1811 የመን ውስጥ ሞተ። ናፖሊዮንን ያመልክ የነበረው መስፍን አውጉስት የንጉሠ ነገሥቱን ባርኔጣ ሳይቀር ለስብስቡ አገኘ። ባርኔጣው አሁንም አለ።

የጎታ መሳፍንት የዘር ሐረግ በ1825 ሲቋረጥ ግዛቱ ለኮቡርግ ቤት ደረሰ። ይህ ለሕንጻው ትልቅ ለውጥ ነው፤ ባለቤቱ አሁን ሁለት ከተማ፣ በርካታ ቤት ያለው ሰው ሆነ። ፍሪደንሽታይን ቋሚ መኖሪያ መሆኑ እየቀረ ሲሄድ ስብስቡና መጻሕፍቱ ቦታውን እየሞሉት መጡ። በመጨረሻ ቦታ ጠበበ፤ በ1879 ከመናፈሻው ወዲህ ፊት ለፊት የተለየ የሙዚየም ሕንጻ ተከፈተ።

የኢትዮጵያ ገመድም በዚህ ዘመን እንደገና ይታያል። ጎታ ያኔ የአውሮፓ የካርታ ከተማ ነበረች፤ የዩስቱስ ፐርተስ ማተሚያ ቤት እዚያ ነበር፤ አውጉስት ፔተርማንም ስለ አዳዲስ የምድር ጥናቶች የሚያወጣው መጽሔት ከዚያ ይሰራጭ ነበር። በ1861 ፔተርማን ያሰናዳው፣ አሳሹ ሆይግሊን የመራው የጥናት ቡድን በምፅዋ በኩል ገባ፤ ዓላማው መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ የጠፋውን ጀርመናዊ አሳሽ ፎግልን መፈለግ ነበር። ሆይግሊን ግን ወደ ኢትዮጵያ አመራ፤ በ1862 ዐፄ ቴዎድሮስን አገኘ። በዚያው ዓመት መስፍኑ ኤርንስት ሁለተኛ ራሱ ከባለቤቱ ጋር በቀይ ባሕር ወርዶ እስከ መንሳና ቦጎስ፣ ማለት እስከ ዛሬዋ የኤርትራ ደጋ ድረስ፣ ሄዶ አደን አድኖ ተመለሰ። የመጀመሪያው ኤርንስት ኢትዮጵያዊ አስጠርቶ ጠየቀ፤ ሁለተኛው ጠመንጃ ይዞ ሄደ። የሁለት መቶ ዓመቱን የአውሮፓ አስተሳሰብ ለውጥ በዚህ ማየት ይቻላል ቢባል የተጋነነ አይመስለኝም።

በኅዳር 1918 የጀርመን ዙፋኖች ሲወድቁ የጎታው መስፍን ካርል ኤድዋርድም ወረደ። ቤተ መንግሥት ያለ መስፍን ምን ይደረጋል? በብዙ ቦታ ሆስፒታል፣ እስር ቤት ወይም የወታደር ሰፈር ሆኗል። እዚህ ግን ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቤተ መጻሕፍት፣ መዝገብ ቤትና ስብስብ አስቀድመው ቤቱን ይዘውት ነበር። ክርክሩ ስለ ባለቤትነት ሆነ እንጂ ስለ አገልግሎት አልነበረም። በ1928 ስብስቦቹን የሚያስተዳድር የጥበብና የሳይንስ ድርጅት ተቋቋመ። ለምን አልተለወጠም ወይም ለምን አልፈረሰም ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው፤ መጻሕፍትን ከቤት ማስወጣት መስፍንን ከማስወጣት ይከብዳል።

በሚያዝያ 1945 መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር ከተማውን ሲከብ የከተማው የጦር አዛዥ፣ ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሪተር ፎን ጋዶላ፣ ጎታ እንዳትደመሰስ ያለ ውጊያ ሊያስረክባት ሞከረ፤ በቤተ መንግሥቱም ላይ ነጭ ባንዲራ ተሰቀለ። ጋዶላ ተይዞ ቫይማር ውስጥ ተረሸነ። ከተማዋ ግን ተረፈች። አሜሪካውያኑ በሐምሌ ለሶቪየቶች አስረክበው ወጡ፤ ሶቪየቶቹ በ1946 ሥዕሉንም፣ መጻሕፍቱንም፣ ሳንቲሙንም በሣጥን እያሸጉ ወደ አገራቸው ጫኑ። አብዛኛው ከአሥር ዓመት በኋላ ለምሥራቅ ጀርመን ተመለሰ። በምርኮ መጻሕፍት የተጀመረ ቤተ መጻሕፍት ራሱ ምርኮ ሆኖ መመለሱ ኤርንስትን ምን እንደሚያሰኘው አላውቅም።

በሶሻሊስቱ መንግሥት ዘመን ቤተ መንግሥቱ የሕዝብ ሙዚየም ነበር። በታኅሣሥ 1979 አንድ ሌሊት ሌቦች ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው 5 ሥዕሎች ይዘው ጠፉ፤ ከእነሱ አንዱ የፍራንስ ሃልስ፣ ሌላው የሽማግሌው ሆልባይን ሥራ ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ታሪክ ከደረሰው የሥዕል ስርቆት ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው። ፖሊስ አገሩን ሁሉ አሰሰ፤ አላገኘም። ሥዕሎቹ የተመለሱት ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ በጥር 2020 ጎታ ውስጥ ለሕዝብ ታዩ።

ዛሬስ? ሙዚየሙን የሚያስተዳድረው በ2004 የተቋቋመ የፍሪደንሽታይን ድርጅት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዶ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፤ ከምሥራቅ ቋንቋዎች ብቻ ከ3,000 በላይ የእጅ ጽሑፎች አሉት። መዝገብ ቤቱ የፐርተስ ካርታዎች ወደሚገኙበት ወደ ከተማው ሕንጻ ተዛውሯል። በቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ይቀደሳል፤ ከሥሩ መሳፍንቱ በየሬሳ ሣጥናቸው ተኝተዋል። ሳንቲም መምታቱ ቀርቷል፤ የተመታው ሳንቲም ግን በመስታወት ሥር አለ። ፈረሶቹም የሉም።

ጥናት የሚሠሩ ከሆነ ወደ ምርምር ቤተ መጻሕፍቱ አስቀድመው ይጻፉ፤ የንባብ ክፍሉ ለውጭ ተመራማሪ ክፍት ነው፤ የሉዶልፍን መጻሕፍት በዚያው ቤት ቁጭ ብሎ መግለጥ ሌላ ነገር ነው። ለጉብኝት ብቻ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከከተማው ወገን ባለው በሰሜኑ ዋና በር ይግቡ። ከበሩ በላይ ሁለት ሴቶች ሲሳሳሙ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ አንዷ ሰላም፣ ሌላዋ ፍትሕ ናቸው፤ በመዝሙረ ዳዊት ስለ ጽድቅና ሰላም መሳሳም የተነገረው ነው። ከእነሱ ጋር የተጻፈው የጥንት ጀርመንኛ ቤት የሚመታ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ሰላም ያበላል፣ ጠብ ይበላል» የሚል ይወጣኛል። ቅርጹ የተሠራው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ባበቃ ማግስት ነውና አባ ጎርጎርዮስ በዚያ በር ሲያልፉ ድንጋዩ ገና አዲስ ነበር።